የአበልጅ መኪና

«ሉሊት! ግቢ እንጂ፤ አንቺን ብቻ እኮ ነው የምንጠብቀው!»

ወንድሟ አድማሴ መሪውን እንደ ጨበጠ ክላክሱን ነካ ነካ አደረገው። ነጩ ሚኒባስ ግቢያቸው በር ላይ ቆሞ ሞተሩ ይንደቀደቃል። እናቷ ብርሀንነሽ የክት ቀሚሷን ለብሳ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቷ አሳምነው ከሹፌሩ ጎን ተሰይሞ በመስኮቱ በኩል ለሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ እጁን ያውለበልባል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ገበያተኛው እየተበተነ ስለሆነ ሰላምታው ማለቂያ የለውም።

ሉሊት አንድ እጇን የመኪናው በር ላይ እንዳደረገች ቀርታለች። 

«ራሴን አሞኛል» አለች።

«አሁን ምሳሽን ጥርግ አድርገሽ በልተሽ፣ አሁን አመመሽ?» አለች እናቷ እየሣቀች። «ነይ ይልቅ፤ ከሰኞ ጀምሮ ወንድምሽ ሳያስከፍለን አያሳፍረንም። ዛሬ በነፃ እንንሸራሸር!»

ገባች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እዚያ የተቀመጠችው ድንገት መዝለል ቢያስፈልግ እንዲቀርባት ነው። ለሌላ ሰው ቢነገር የሚያስቅ ሐሳብ ነበር፤ እሷን ግን ፈጽሞ አላሳቃትም።

የመካነ ሰላም ዋና መንገድ ሜዳ ነው። አድማሴም መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ስላልቆየ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ገበያው ዳር ሲደርሱ አንድ ባጃጅ ከጎን ወጥቶ ፊታቸው ላይ ድንቅር አለ። አድማሴ ፍሬኑን ረገጠ። ሉሊት የፊቷን ወንበር በሁለት እጇ ጨምድዳ ዓይኗን ጨፈነች።

ሚኒባሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አያችሁ?» አለ አባቷ ወደ ኋላ ዞሮ፤ ፊቱ በደስታ በርቷል። «ቀጥ ነው የሚለው! የአበልጄ መኪና እኮ ነው!»

እናቷ እልል አለች። ሉሊት ዓይኗን ገለጠች። ቆመ፤ ዛሬስ ቆመ። ረቡዕ ዕለት ግን አልቆመም ነበር።

ረቡዕን ማሰብ አትፈልግም። ረቡዕ ግን ሳትጠራው ይመጣባታል።

ያን ቀን የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ፎርፋ ነበር። ብዙነህ ሚኒባሱን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አቁሞ ጠበቃት። ብዙነህ የአቶ አለኸኝ ልጅ ነው። አቶ አለኸኝ ደግሞ አድማሴን ክርስትና ያነሡ፣ የአባቷ አበልጅ ናቸው፤ መኪናውም የእሳቸው ነው። ሉሊትና ብዙነህ ዳዴ ከሚሉበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ ሲቧጨሩና ሲታረቁ ነው ያደጉት። ስለዚህ ብዙነህ «አባዬ ለቅሶ ሄዷል፤ ቶሎ ብለን ዓባይን ከላይ አይተን እንመለስ» ሲላት እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም። መንጃ ፈቃድ የለውም፤ መንዳት ግን ይችላል። ቢያንስ እሱ እንዲያ ይላል።

ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ሲጀምር ለዓይን ደስ ይላል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ብዙነህ ፍሬኑን ሲረግጠው ፔዳሉ ምንም ሳይገታው እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደግሞ ረገጠው፤ ምንም የለም። ከዚያች ቅጽበት ሉሊት አጥርታ የምታስታውሰው የብዙነህ ጫማ ወለሉን ሲደበድብ ነው፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። በቀኝ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቷል። ትጩህ አትጩህ አታውቅም። ብዙነህ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው፤ መኪናው የአፈሩን ግድግዳ እየፋቀ፣ እየተንገጫገጨ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተሰክቶ ቆመ።

ብዙነህ ወርዶ አስመለሰው። ከተማ የተመለሱት አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ነው። ከዚያ ከሱቅ የፍሬን ዘይት ገዝቶ ሞላበት። ለአባቱም «በር ላይ እንደ ቆመ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ገጨው» ብሎ ዋሸ። አቶ አለኸኝም ልጃቸውን አመኑት። ለአበልጃቸው የሚሸጡት መኪና መልኩ እንዳይበላሽ ብለው የተጨራመተውን ባምፐር በማግሥቱ አስቀጥቅጠው አስቀቡት።

ሉሊትስ? ሉሊት ዝም አለች።

ከሽርሽሩ ተመልሰው ግቢ ሲገቡ እናቷ ወዲያው ወረደች። አድማሴ ግን ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደ ያዘ ቆየ።

«አባዬ» አለ፣ «ነገ በሽማግሌ ከመመረቁ በፊት አሕመድኑር ጋራዥ አስገብተን ከሥር ብናሳየው ምን ይመስልሃል? ቦሎውም እኮ የአምና ነው፤ ዘንድሮ አልተመረመረም።»

አባቱ እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «ምን ብዬ? አበልጄ ሆይ፣ አላመንኩዎትምና መኪናዎን ላስመርምር ልበላቸው? አንተን ታቅፈው ክርስትና ያነሡህን ሰውዬ?»

«እሳቸውን አይደለም እኮ፤ መኪናውን ነው ያልኩት። ከተመረቀ በኋላ ማስመርመር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

«ጅቡ ማን ነው? በል ንገረኝ፤ ጅቡ ማን ነው?»

አድማሴ አንገቱን ደፋ። አባቱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ደሴ ይዘኸው ትሄዳለህ። እዚያ ይመረመራል፣ ቦሎውም ይለጠፋል፣ ስሙም ወደ እኛ ይዞራል። እኔና እናትህም አብረንህ እንሄዳለን። መንገድ ላይ ሰው ከጫንክ የነዳጁን ትችላለህ። በቃ።»

በቃ ካለ በቃ ነው። በዚያ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል። አሳምነውና አቶ አለኸኝ ከክርስትናው ቀን ወዲህ አንድም ቀን «አንተ» ተባብለው አያውቁም። ከአበልጅ በሬ ሲገዛ ጥርሱ አይታይም፤ ከአበልጅ እህል ሲገዛ ዳግመኛ አይሰፈርም። ሽማግሌ ይጠራል፣ ይመረቃል፤ አሜን ከተባለ በኋላ ነገር ማንሣት ነውር ነው። ደግ ወግ ነው፤ ማንም አይጠላውም። መኪና ግን በሬ አይደለም። በሬ ገደል ሲያይ በራሱ ይቆማል።

ሉሊት ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማችው «እኔና እናትህም አብረንህ እንሄዳለን» የሚለውን ብቻ ነው። መኪናው ለመመርመር ደሴ መድረስ አለበት። ደሴ ለመድረስ ደግሞ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ማለፍ አለበት። አድማሴ፣ አባዬ፣ እማዬ፤ ከኋላም ምንም የማያውቅ ተሳፋሪ። ከመኪናው ወርዳ ወደ ጓሮ ሮጠች።

አመሻሹ ላይ ብዙነህ ለነገው ድግስ የሚሆን የውሰት ሳህን ተሸክሞ መጣ። ሉሊት አጥሩ ጥግ አስቆመችው።

«ሰኞ ደሴ ሊሄዱበት ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«ይሂዱበታ! ዘይት ሞልቼበታለሁ አልኩሽ እኮ። ዛሬ ከተማውን ዞራችሁበት የለም እንዴ? ቆመ አልቆመም?»

«ሜዳ ላይ ነዋ!»

«አቦ አታካብጂ፣ ሉሊዬ።» ሊሥቅ ሞከረ፤ ሣቁ ከጥርሱ አላለፈም።

«ዘይቱ አልቆ ነው አላልክም? ወዴት ሄዶ ነው ያለቀው? አንተ ጠጣኸው?»

ብዙነህ ግራና ቀኙን አይቶ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ስሚኝ። አባዬ ይህን ቢሰማ ይገድለኛል። ነዳህ ብሎ አይደለም፤ ዋሸኸኝ ብሎ። ደግሞ እኔ ብቻዬን አልነበርኩም። አንቺም ፎርፈሽ ከወንድ ጋር መኪና ውስጥ ነበርሽ። አባትሽ ለከርሞ ደሴ፣ አክስትሽ ጋ ሆነሽ ተማሪ ያለሽ ስለሚያምንሽ አይደል? ይህን ሰምቶ የሚልክሽ ይመስልሻል?»

አልመሰላትም። አባቷን ታውቀዋለች። ከእናቷ ጋር ስንት ቀን ተከራክሮ፣ «እሷን አምናታለሁ» ብሎ ነበር በመጨረሻ የፈቀደው። ቃሉን ሰጥቷል፤ ቃሉን የሰጠውም እንደዚህ ላለች ልጅ አልነበረም። ከተማውስ ምን ይላል? መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት ልጅ ከአንድ ልጅ ጋር መኪና ውስጥ ታየች ከተባለ፣ ወሬው ወረኢሉ ሲደርስ ሌላ ታሪክ ሆኖ ነው።

«ዝም አይነቅዝም» አለ ብዙነህ ሳህኑን እያስረከባት። ከዚያ ግን ወደ መኪናው አንዴም ሳያይ ተጣድፎ ወጣ። እሱም ፈርቷል። ይህን ማየቷ ደግሞ የባሰ አስፈራት፤ የተረጋጋ ሰው ቢነግራት ምናልባት ታምን ነበር።

እሁድ ጠዋት ቤተሰቡ ቅዳሴ ሲሄድ ሉሊት ቤት ለማሰናዳት ቀረች። መኪናው ግቢው መሐል እንደ ቆመ አድሯል። ላለማየት ሞከረች። ቤት ጠረገች፣ ጉዝጓዝ ጎዘጎዘች፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ደረደረች። በመጨረሻ እጇ የሚሠራው ሲያጣ ወጥታ መኪናውን ዞረችው። ከሥሩ ለማየት በጉልበቷ ተንበረከከች።

የኋላው ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ርሷል። አቧራው ተጣብቆበት ጭቃ ሠርቷል፤ ከሥሩም መሬቱ ላይ ሳንቲም የምታህል ጥቁር እርጥበት አለች። በጣቷ ነካችው። ውሃ አልነበረም፤ ያዳልጣል። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ ማዳለጡ አልለቀቃትም።

ቆሞ እያደረም ይፈስሳል ማለት ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ምናልባት ተሠርቶ ይሆናል» የምትላት ትንሽ መጠለያ ነበረቻት። አሁን እሷም ፈረሰች። ሰኞ፣ አንዱ ቁልቁለት ላይ፣ አድማሴ ፍሬኑን ይረግጣል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከዚያ በኋላ እሷ ምን እንደምትሆን ለማሰብ ሞከረችና አልቻለችም።

ከቅዳሴ መልስ ግቢው ሞላ። አቶ አለኸኝ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ብዙነህን አስከትለው መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ አባተም ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ። ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በመኪናው ዙሪያ ቆመ። አንዱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ወላሂ፣ ጠንካራ ነው» አለ። ሰው ጎማ በእርግጫ ሲመታ መኪና የመረመረ ይመስለዋል።

«እንግዲህ አበልጄ» አሉ አቶ አለኸኝ ለምርቃቱ የተመለሰላቸውን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አድርገው፣ «መኪናው ከእኔ ቤት ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው። ልጄ አድማሴ ይብላበት።»

«እድሜ ይስጥልኝ አበልጄ፤ ያክብርልኝ!» አለ አባቷ። ድምፁ በስሜት ተቆራረጠ።

ጋሽ አባተ ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። የግቢው ሰው ሁሉ መዳፉን ገለጠ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ!»

«አሜን!»

«ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰዓት ይሰውርህ!»

«አሜን!»

ሉሊት እናቷ ጀርባ ቆማ መዳፏን ዘርግታለች፤ አሜን ማለት ግን አቃታት።  ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አንዴ ከተናገረች ደሴም የለም፣ የአባቷ ማመንም የለም፤ ምናልባት ከዛሬ በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች አበልጄ መባባላቸውም ያበቃል። ብዙነህ ከወዲያ ማዶ አፍጥጦ ያያታል፤ በዓይኑ «በናትሽ» ይላታል። 

«ሂያጁን በሰላም ይመልስልን! በል አሁን ቁልፉን ተቀበል፣ ልጄ።»

አድማሴ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቀረበ። ደስታው ሊደበቅ አልቻለም፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ሕፃን ሳለች ከትምህርት ቤት ሲመልሳት፣ መንገድ ስትሻገር እጇን አጥብቆ የሚይዛት ወንድሟ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ!»

ድምፁ የሷ አልመሰላትም። የግቢው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ፍሬን የለውም» አለች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ዘይት ይፈስሳል፤ የኋላውን ጎማ ከውስጥ እዩት። ረቡዕ እኔ ውስጡ ነበርኩ። የዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎን... ገደል ልንገባ ነበር።»

 አባቷ ቀስ ብሎ መዳፉን አወረደ።

«ረቡዕ?» አለ። «ረቡዕ ትምህርት ቤት አልነበርሽም?»

«ፎርፌ ነበር።»

«ማነው ይነዳ የነበረው?»

ሉሊት ወደ ብዙነህ አላየችም። «የራሴን ነው የምናገረው አባዬ» አለች። «እኔ ውስጡ ነበርኩ።»

 አቶ አለኸኝ ቁልፉን እንደ ያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።  ብዙነህ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «የጭነት መኪና አልገጨውም አባዬ። ውሸቴን ነው። እኔ ነኝ የነዳሁት።»

አቶ አለኸኝ እጃቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሉሊት ሊመቱት መስሏት ተሸማቀቀች። እሳቸው ግን ቁልፉን ነበር የጨበጡት። አድማሴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ይህን ልጅ በዚህ እጄ ነው ክርስትና ያነሣሁት» አሉ። «በዚሁ እጄ ልገድለው ነበር።»

«ኧረ አበልጄ፣ እርስዎ ምን አጠፉ!» አለ አባቷ። «እኔም አላስመረምርም ብዬ...»

«የለም። ይመርመር። አስመርማሪውም እኔ ነኝ። አሕመድኑር እሁድም ይሠራል። እሱ ከሥር ገብቶ ሳያየው፣ ተሠርቶም ምርመራውን ሳያልፍ፣ ይህን ቁልፍ ማንም ከእጄ አይቀበልም።»

አድማሴ መኪናውን ሊያወጣ ወደ ሹፌሩ በር ሲራመድ እናቱ ጮኸች። «ሞተሩን እንዳትነካው! በማርያም፣ እንዳትነካው!»

«በእጅ ይገፋ» አሉ ጋሽ አባተ። «እስከ ጋራዡ ሜዳ ነው። ታኮ የሚይዝ ሰው ብቻ ይኑር።»

ወንዶቹ ጋቢያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ከመሩት። ብዙነህ ማንም ሳያዘው አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ጎን ቆመ፤ መኪናው ከተንሸራተተ ታኮ ሊያስገባ። አድማሴ በመስኮቱ በኩል መሪውን ያዘ። አባቷ ወደ ኋላ ሲዞር ከሉሊት ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ፊቱን ለማንበብ ሞከረች፤ ቁጣ ነው፣ ኀዘን ነው፣ አልለይ አላት።

«ማታ እንነጋገራለን» አለ።

እናቷ ሴቶቹን ይዛ ወደ ቤት እየገባች ነው። ሳህኑ አለ፣ ወጡ አለ፤ ሉሊትም ተከትላት ገብታ እስኪመሽ ድረስ ከሰው ዓይን መሰወር ትችል ነበር። እግሯም ወደዚያው ነበር ያቀናው። መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፤ ተመልሳም ከመኪናው ኋላ፣ በሰዎቹ መሐል ገብታ ሁለት መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች። 

አጠገቧ ያለው አባቷ ነው። አላያትም። ነገር ግን ወደ ጎን ትንሽ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀላት።

«በሉ! አንድ ላይ!» አሉ አቶ አለኸኝ።

ሉሊት ገፋች።